ባለቤት ሲለወጥ ምን ይሸጣል?

አንድ ድርጅት ተሸጠ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ነገር ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ መተላለፉን ነው። ይሁን እንጂ ድርጅት መሸጥ በሬ እንደ መሸጥ አይደለም። በሬ ሲሸጥ ቀንዱም ጉልበቱም አብሮ ይነዳል። በድርጅት ሽያጭ ግን ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ስሙ፣ ዕቃውና ሙያው ናቸው። ሦስቱም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። እኛ በቁስቋም ሠፈር ተከራይተን የምንኖር የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ስንወያይ ከቆየን በኋላ የደረስንበትን ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለታየን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከድምፅ ሙያ ነው። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተገለጠ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ፤ ስሙ ጸንቶ ባለቤቱ ሲለዋወጥ

ማራንትዝ የሚለው ስም ሙዚቃን በጥራት መስማት ለሚወዱ ሰዎች የታወቀ ነው። ሶል ማራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። ዕቃው እጅግ የተከበረ ሆነ። ነገር ግን ጥራት ወጪ ይጠይቃል፤ ኩባንያው አንድ ምርጥ የራዲዮ መቀበያ ለመሥራት ያፈሰሰው ገንዘብ አቅሙን አዳከመውና በ1964 ሱፐርስኮፕ ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ሥራው እያደር ወደ ጃፓን ተሻገረ። በ1980 ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ያለውን ንግድ የሆላንዱ ፊሊፕስ ገዛው። በ2002 ከዴኖን ጋር በአንድ ድርጅት ሥር ሆነ፤ በ2017 ሳውንድ ዩናይትድ ወሰደው።

ቀጥሎ የሆነው ለትምህርታችን ዋና ነው። በ2022 ማሲሞ የተባለ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ሳውንድ ዩናይትድን በ1,025 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሐሳቡ በተሰማ ማግሥት የማሲሞ አክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወረደ። በ2025 ያንኑ ንግድ የሳምሰንግ ንብረት የሆነው ሃርማን በ350 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዋጋው ሁለት ሦስተኛ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ታዲያ መሣሪያዎቹ በዚሁ መጠን ከፉን? ከፉ የሚል የለም። እንግዲህ የድርጅት ዋጋና የዕቃ ጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

ፊሊፕስ ራሱም ለኢትዮጵያ ቤት እንግዳ አይደለም። ራዲዮው በወላጆቻችን ሳሎን ተቀምጧል፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የኛን ዘፋኞች ሸክላ እስከ ማሳተም ደርሷል። ነገር ግን ፊሊፕስ የድምፅ መሣሪያ ንግዱን በ2014 ለጊታር ሠሪው ጊብሰን ሸጠ፤ ጊብሰንም በ2018 ከሠረ። ዛሬ በብዙ አገር ፊሊፕስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቴሌቪዥን የሚሠራው ቲ.ፒ.ቪ የተባለ ሌላ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙን በፈቃድ ይጠቀምበታል። የራዲዮ ጥገና ሱቅ ያላቸው የሠፈራችን ሰዎች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ዕቃ ሲመጣላቸው ፊቱ ላይ የተጻፈውን አንብበው አይወስኑም፤ ጀርባውን ፈትተው ሆዱን ያያሉ።

2ኛ፤ ዕቃው ቀርቶ ስሙ ሲለወጥ

በአገራችን የዚህ ተቃራኒ ደርሷል። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ንብረት ሆኖ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ኃይለኛ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋዎች ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ ይናገር ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ስቱዲዮው ያው፣ አንቴናው ያው ነበር። የሚናገረው ነገር ግን ሌላ ሆነ። በማራንትዝ ስሙ ጸንቶ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተለወጠ፤ በዚህ ደግሞ ብረቱ ባለበት ቆሞ ስሙና ቃሉ ተለወጡ። ዕቃን የያዘ ሁሉ ድምፅን ይይዛል ብለን ነበር የምናስበው፤ ለጊዜው እውነት ነው፤ አድማጭ ያመነውን ስም ግን በአዋጅ መውረስ አይቻልም።

3ኛ፤ ባለቤቱም ቤቱም ሄደው ሥራው ሲቀር

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት በ1969 ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የማተሚያ መኪና አልነበረውም፤ ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ የአለማየሁ እሸቴ ሥራዎች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በዚያው ዓመት አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ቤቱም ተዘጋ። ነገር ግን ከ1997 ጀምሮ የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሥራውን እንደገና ለዓለም አሰማው። አምሃ በ2021 ዐረፈ። ዕቃ አልነበረም፤ ቤቱ አልነበረም፤ የቀረው ሥራውና በሥራው ላይ ያለው መብት ነው። ይህ ሦስተኛው ንብረት ከሁሉ ይልቅ የማይታይ፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ዕድሜው የረዘመ ሆኖ ተገኘ።

4ኛ፤ ከዚህ ምን እንማር?

ከመካከላችን አንዱ «ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሲል ተከራክሯል። ሌላው ደግሞ ሽያጭ ሁሉ ክፉ አለመሆኑን አስታውሷል፤ ማራንትዝ በፊሊፕስ ሥር በመሆኑ ከሲዲ ማጫወቻ ቀደምት ሻጮች አንዱ ለመሆን በቅቷልና። ይህ ትክክል ነው። የኛ ነቀፋ በሽያጩ ላይ ሳይሆን የሚሸጠውን ሳይለዩ በመሸጥና በመግዛት ላይ ነው።

ጉዳዩ እኛን የሚያገባን ስለዚህ ነው። ዛሬ በየቤቱ የተቀመጡ የክር ቴፖች፣ በየሱቁ መጋዘን የተረሱ ካሴቶች አሉ። የዘፋኝ ወራሽ አንድ ካርቶን ቴፕ ለገዢ ሲያስረክብ ካርቶኑን ብቻ ነው የሸጠው ወይስ በውስጡ ያለውንም ድምፅ? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን መብት ለየብቻ ያስቀምጣል። ሕጉ የለየውን ግን ሻጩ ካላወቀ ገዢው በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ ይወስደዋል።

ስለዚህ በማናቸውም የባለቤትነት ለውጥ ፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ስሙን ማን ያዘ? ዕቃውን ማን ያዘ? ሙያውንና ሥራውን ማን ያዘ? ነገ ከመካከላችን ውል የሚጽፍ፣ ውል የሚመረምር፣ ወይም የወላጁን ንብረት የሚረከብ አይጠፋም። መልሱ በወረቀቱ ላይ ለየብቻ ሳይጻፍ እጁን ከብዕር ላይ ያቆይ።