ጦጣና የሕክምና ምርምር፦ ፈቃጁ ማን ይሁን?

ከመካከላችን በልጅነቱ የፖሊዮ ጠብታ ያልቀመሰ ጥቂት ነው። ያ ጠብታ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ስንት ሺህ ጦጣ እንዳለቀበት የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። ለሰው የሚቀርቡትን እነዚህን እንስሳት ለሕክምና ምርምር ማዋል በምን ዓይነት ሕግ ሊገዛ ይገባዋል? የዛሬው ጥናታችን ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1955 የጆናስ ሳልክ ክትባት መሥራቱ ሲታወጅ፣ ከዚያም በኋላ የአልበርት ሳቢን ጠብታ ሲመጣ፣ የክትባቱ ቫይረስ የሚራባው ከጦጣ ኩላሊት በተወሰዱ ሴሎች ላይ ነበር። ሪሰስ የተባሉት ጦጣዎች ከህንድ በብዙ ሺህ እየተጫኑ ወደ አሜሪካ ይሄዱ ነበር። የህንድ መንግሥት ጦጣዎቹ ለሕክምና ምርምርና ለክትባት ሥራ ብቻ እንዲውሉ በዚያው በ1955 ቃል አስገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለወታደራዊ የጨረር ሙከራ መዋላቸው ስለ ተሰማ፣ በ1978 ንግዱን ፈጽሞ ዘጋው። ልብ በሉ፤ ቃሉስ ነበረ፣ ቃሉን የሚቆጣጠር ግን አልነበረም።

ታዲያ ክትባቱ ቀረ? አልቀረም። በ1962 በጃፓን አገር፣ በቺባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎች ከአንድ የአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት ሴል ወስደው አራቡ። ጦጣው እኛ አገር በየወንዙ ዳር ከምናየው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ሴሉ ቬሮ ይባላል፤ ሳያቋርጥ ስለሚራባ ዛሬም ፋብሪካዎች የፖሊዮ ክትባት ይሠሩበታል። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 መተካት፣ መቀነስ፣ ሥቃይን ማቅለል ብለው ያስተማሩት ነገር በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። አሜሪካ በ1985 ሕጓን ስታሻሽል እያንዳንዱ የምርምር ተቋም ኮሚቴ እንዲያቋቁም አዘዘች። ከአባላቱ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የውጭ ሰው መሆን አለበት። ከሕጉ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ተመራማሪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሰው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ሚዛኑ ወደ ራሱ ያጋድላል። ያው ሕግ ጦጣዎችን የሚያኖር ሁሉ ስለ አእምሮአቸው ደኅንነት ጭምር እንዲያስብ ያዛል። ብቻውን በብረት ሳጥን የተዘጋ ጦጣ ገላውን እየነጨ ይኖራልና ነገሩ ቅንጦት አይደለም።

ቺምፓንዚዎችን በተመለከተ በ2011 የአሜሪካ ሊቃውንት ጉባኤ ከባድ ጥያቄዎችን አቀረበ። ሌላ መንገድ የለምን? በሰው ላይ መሥራት አይቻልምን? ምርምሩ ቢቀር ሕይወት የሚያሰጋ በሽታን ለማከም የሚደረገው ጥረት ይዘገያልን? በእነዚህ ሲመዘን አብዛኛው ምርምር አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም በቺምፓንዚ ላይ ለሚደረግ ምርምር ድጋፉን አቆመ።

የቀሩት ግን አሉ። በ2020 የኮቪድ ክትባቶች ሲዘጋጁ ማካክ በተባሉ ጦጣዎች ላይ ተሞክረዋል፤ ሪሰስም ከማካክ ወገን ነው። ፈጽሞ ይከልከል የሚሉ ወገኖች ለዚህ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ይፈቀድ የሚሉትም እንዲሁ፤ አብዛኛው ጦጣ ከሙከራው በሕይወት አይወጣምና።

እንግዲህ ለሚቀጥለው እሑድ ውይይት፦ የኮሚቴው የውጭ አባል እናንተ ብትሆኑ፣ አንድ ሐኪም ለአዲስ የወባ ክትባት ሃያ ጦጣ ስጡኝ ቢላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ምን ትጠይቁታላችሁ?