ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛና ስንሸጥ ማወቅ ያለብን አምስት ቃላት



በየዓመቱ ከተመራቂዎቻችን ብዙዎቹ ላፕቶፓቸውን ይሸጣሉ። ከመቂ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ወደ አዳማ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ደግሞ ቤተሰብ ቆጥቦ በሰጣቸው ገንዘብ ይገዛሉ። በፊቅህ እንደተማርነው የሚሸጠው ዕቃ ምንነቱ ካልታወቀ ሽያጩ ገረር አለበት፤ ዐይቡን መደበቅም አይፈቀድም። ስለዚህ ቃላቱን ማወቅ ለገዢም ለሻጭም ያስፈልጋል።

1. ፕሮሰሰር፦ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ነው። «ኮር አይ 7 ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እንይ። አይ 7-4600ዩ 4ኛ ትውልድ ሲሆን 2 ኮር አለው። አይ 5-8250ዩ ግን 8ኛ ትውልድ ነው፤ 4 ኮር አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው የሚቀበለው።

2. ራም፦ እንደ መድረሳው ሉሕ ነው፤ የዛሬው ትምህርት ይጻፍበታል፣ ከዚያ ይታጠባል። ላፕቶፑ ሲጠፋ በራም ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የምሕንድስና ሶፍትዌር ለምንጠቀም 8 ጊጋባይት ቢኖረን ይመረጣል።

3. ስቶሬጅ፦ እንደ ሒፍዝ ነው፤ የያዘውን ያቆያል። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ክፍል ስላለው ዘገምተኛ ነው፣ ሲወድቅም በቀላሉ ይጎዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም። ለዕለት ሥራ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

4. ባትሪ፦ የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ አንዱ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም፣ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ከሆነ ባትሪው ግማሽ አቅሙን አጥቷል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

5. የዋይፋይ ካርድ፦ ላፕቶፑን ከራውተር ጋር የሚያገናኘው ነው። አንዳንድ የቆዩ ካርዶች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚቀበሉ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ኔትወርክ ጭራሽ አይታያቸውም። ደግሞም ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መስመር ከተቋረጠ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖም ገጽ አይከፈትም። ስለዚህ ላፕቶፑን ከመውቀሳችን በፊት በዚያው ዋይፋይ ስልክ እንሞክር።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረን እንጫን። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ክፍል የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠንና የስቶሬጁን ዓይነት ያሳየናል።

የምንሸጥ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አምስቱን በወረቀት ጽፈን፣ ካለበት ጉድለት ጋር ለገዢው እንስጥ። የአዳማ አቧራና ሙቀት ፋኑን ጎድቶት ከሆነም ሳንጠየቅ እንናገር። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ እንኳ በረካው ይበልጣል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።