የተጣለ ዕቃና የሠዓሊ እጅ

በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ገበያ የሚዘዋወር ሰው ሁለት ዓይነት ገመድ ያያል፤ አንደኛው የቃጫ፥ ሁለተኛው የናይለን። ቃጫ የእንሰት ልጅ ነው። እናቶቻችን እንሰቱን ሲፍቁ ቆጮ የሚሆነው ወደ አንድ ወገን፥ ቃጫው ወደ ሌላ ወገን ይለያል፤ ደርቆም ገመድ ይገመድበታል። ናይለኑ ግን ከፋብሪካ ተጠቅልሎ ይመጣል። እንስራም ቦታውን ለጀሪካን እየለቀቀ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን አይተን ወይ «ሥልጣኔ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ወይ ስለ ድሮው እናዝናለን። ሌላ መንገድ የለምን?

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሎውሪ (1887–1976 እ.ኤ.አ.) በማንቸስተር አካባቢ የጥጥ ፋብሪካዎችንና ወደ ሥራ የሚጎርፈውን ሕዝብ ሲሥል ኖረ። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ሥዕሎቹ ምስክር ሆነው ቀሩ። የእኛ ጉዳይ ግን ይለያል። በእኛ ዘንድ የሚዳከመው በብዛት የእጅ ሥራ ነው፤ በምትኩ የሚገባው የፋብሪካ ዕቃም ብዙ ሳይቆይ ውራጅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ኑሮ የሚያሳይ ሠዓሊ ማን ነው ብንል፥ ኤልያስ ስሜን እናገኛለን።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሥራውን ስናጠና ሦስት ነገር እናስተውል።

አንደኛ፥ ቀለሙ። በቱቦ የሚሸጥ ቀለም ሳይሆን ክር፥ ቁልፍ፥ የጠርሙስ ክዳን፥ በኋላም የኮምፒውተር ሽቦና የተሰበረ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ብዙውን የሚያገኘው ከመርካቶ፥ በተለይም ከምናለሽ ተራ ነው። ከጉራጌ አገር ወጥተው በመርካቶ የነገዱ አባቶቻችን ብዙ ናቸውና ይህ ሰፈር ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ድካሙ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፤ በእንጨት ገበታ ላይም ይቸነክረዋል። ከሩቅ ሲታይ ከሰማይ የታየ የእርሻ መሬት ይመስላል፤ ሲቀርቡት የብዙ ቀን የእጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፥ ሐሳቡ። በገመድ ላይ የሚራመድን ሰው የሚያስታውስ ስም የተሰጣቸው ሥራዎቹ፥ የሰው ልጅ በመሣሪያውና በተፈጥሮ መካከል ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያደርገውን ጥረት ያሳያሉ።

«ታዲያ ቁርጥራጭ መለጠፍ ሥዕል ነውን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፥ ዕቃው ብቻውን ሥዕል አይሆንም፤ ሥዕል የሚያደርገው ምርጫውና አሰላለፉ ነው የሚል ነው። ቃጫም ቢሆን የሚገምደው እጅ ካላገኘ ጭረት ብቻ ነው።

ደግሞም ኤልያስ የቆየውን ጥበብ በልቅሶ አልሸኘውም። ከመስከረም አሰግድ ጋር በአዲስ አበባ ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። የአባቶች የቤት አሠራር በዚያ የሚሠራበት ጥበብ እንጂ የሚታይ ቅርስ ብቻ አይደለም።

ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ቃጫ የሚገምዱትን አባት፥ ሸክላ የሚሠሩትን እናት ተጠግተን እንጠይቅ፤ የመሣሪያቸውን ስም፥ የእጃቸውን አካሄድ እንመዝግብ፤ መሣል የምንችልም እንሣል። ሥራው ቢቀንስ የጊዜ ነገር ነው እንል ይሆናል፤ ስሙ እንኳ ሳይታወቅ ቢጠፋ ግን ጥፋቱ የእኛ የተማርነው ነው።