የዛገው መጥበሻዬ ይድናል?

ጥያቄ፦ ለጥብስ የገዛሁት ከባዱ የብረት መጥበሻ ማታ ውሃ እንደተሞላ ረስቼው አደረ። ጠዋት ውስጡ ዝገት ለብሶ አገኘሁት። ልጣለው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይጣሉት፤ ይድናል። እንዲህ ያለው ብረት እንደ እስቴንለስ ስቲል ራሱን ከዝገት አይከላከልም። የሚጠብቀው በሙቀት ጠጥሮ የተጣበቀበት ጥቁሩ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ በሳሳበት በኩል ውሃና አየር ብረቱን አግኝተውታል።

እንደ አዲስ ምጣድ ይሟሽ። ዝገቱን በሽቦ ፈትገው በሳሙና ይጠቡት፤ አድርቀው ጥቂት ደቂቃ እሳት ላይ ያቆዩት። ከዚያ ውስጡንም ውጭውንም፣ እጀታውንም ሳይረሱ፣ የምግብ ዘይት ይቀቡትና ምንም ያልቀረበት እስኪመስል ድረስ በጨርቅ ይጥረጉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዘይቱ ከበዛ እጅ ላይ እንደ ሙጫ የሚይዝ ሽፋን ይሆናል። በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በእርስዎ ምድጃ 450 ፋራናይት) ኦቭን ውስጥ ደፍተው 1 ሰዓት ያቆዩት፤ እዚያው ይቀዝቅዝ። ይጨሳልና መስኮት ይክፈቱ። ካልጠቆረልዎ ይድገሙት።

«ሳሙና አይንካው» የሚባለው የድሮ ፍርሃት ነው፤ የዛሬው የዕቃ ሳሙና ሽፋኑን አያነሳም። ይልቅ የቲማቲም ስልስ ለረጅም ሰዓት አያንተክትኩበት፤ አሲዱ ሽፋኑን ይበላዋል።

ስንጥቅ ካዩበት ግን ይተኩት። ከቤተሰብዎ በሰውነት ውስጥ ብረት የሚከማችበት ሕመም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ በዚህ ዕቃ ከማብሰልዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።