የወንድም ዕዳ ወደ እናንተ የሚዞረው በፊርማ ነው

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በምሽት ነው። ቁጥሩ በሱዳን ኮድ፣ በ249 ይጀምራል። «ከዶካ ነው የምደውለው። ወንድምህ ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ የወሰደው ገንዘብ አለ። እሱ ካልተገኘ አንተ ትከፍላለህ።» ደዋዩ አንዳንዴ አማርኛው የተስተካከለ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የራሳችን ደላላ ነው።

በማግስቱ የተደወለለት ሰው ወደ ጠበቃ ቢመጣ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ፈርሟል፣ ከፊሉን ከፍሏል፣ መጥሪያ ደርሶታል፣ ቀጠሮውም አልፎታል። ከዚያ «ምን ይሻላል?» ይለኛል። የሚሻለው ያለፈው ወር ላይ ቀርቷል።

ወንድም ሞቶ ከሆነ ሕጉ አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሰው ሲሞት መብቱም ዕዳውም ወደ ውርሱ ይገባል (ቁጥር 826)፤ ባለገንዘቡም የሚጠይቀው ከሟቹ ንብረት ነው። ከንብረቱም ቢሆን የቀብር ወጪና የውርስ ማጣሪያው ወጪ ይቀድማሉ፤ ዕዳ የሚከተለው ከእነሱ በኋላ ነው (ቁጥር 1014)። የተዝካሩን ድግስ ግን የቀብር ወጪ ነው ብላችሁ አትመኩ።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ወራሽ ነኝ ወይ?» የሚለው ነው። የሚደወለው ደመወዝተኛ ለሆነው ወንድም ወይም ባጃጅ ላላት እህት ነው። ሟቹ ግን ልጆች ካሉት የመጀመሪያ ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው (ቁጥር 842)፤ ወንድምና እህት ወራሽም አይደሉም። ደዋዩ ይህን ያውቃል። የሚደውልላችሁ ዕዳው የእናንተ ስለሆነ ሳይሆን ስልካችሁ ስለሚነሳ ነው። ሚስት ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ብድር በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስትን በአንድነት ስለሚያስጠይቅ፣ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ማሳየት ትልቅ ክርክር ነው።

አሁን ደንበኞቼን ወደ ጨረሰው ወጥመድ ልምጣ።

ደዋዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደወለ በኋላ ነገሩ ሠፈር ይሰማል። እናት ታለቅሳለች፤ «የልጄ ነፍስ በሰው ገንዘብ ታስራ አትቅር» ትላለች። ሽማግሌ ይቀመጣል። ከመተማ ዮሐንስ ወይም ከገንዳ ውኃ አንድ የነጋዴው ወኪል ይመጣል። ቡና ይፈላል። ማንም ደፍተሩ የታለ፣ ብሩ መቼ ተሰጠ፣ ማን አይቷል ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በለቅሶ ቤት ነውር ይመስላል። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይወጣል፦ «የወንድሜን ዕዳ ይህን ያህል ብር እስከ መስቀል ለመክፈል ተስማምቻለሁ»። ወንድም ይፈርማል፣ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ይፈርማሉ፣ ይመረቃል።

ያቺ ወረቀት ሁሉንም ገለበጠች። ከዚያ በፊት ነጋዴው በፍርድ ቤት የማያስረዳው ብድር ነበረው። አሁን በእጁ ያለው የራሳችሁ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያሉት ሰነድ ነው። ከዚህም የባሰ፣ በመካከላችሁ ያለውን ክርክር በስምምነት እንደጨረሳችሁ ተደርጎ ከተጻፈ ሕጉ እርቁን በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል (ቁጥር 3312)። «ሽማግሌ አስገድዶኝ ነው» ብሎ ማፍረስ ይቻል ይሆናል፤ ግን በዳኛ ፊት ማስረዳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ምስክር የሚሆኑላችሁም እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ማንንም እንዳላስገደዱ ይምላሉ። ሽማግሌ አትጥሩ እያልኩ አይደለም። እኔም የሠፈሬ ሽማግሌ ነኝ። ደፍተሩ ሳይታይ ሽማግሌ አታስቀምጡ ነው የምለው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጸጥ ያለ ነው፤ «ለጊዜው እንዲያርፍ» ተብሎ የሚላክ ትንሽ ገንዘብ። ባለዕዳው፣ ወይም በእሱ ቦታ የቆመ ወራሽ፣ ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍል ዕዳውን እንዳመነ ይቆጠራል፤ የይርጋው ዘመንም ከአዲስ ይጀምራል (ቁጥር 1851)። የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው፤ ዳኛ ግን ይርጋን በራሱ አያነሳም፣ ባለጉዳዩ ካልተከራከረበት ያልፋል። ወራሽ ያልሆነ ዘመድ በደግነት ትንሽ ቢልክ ባለዕዳ ይሆናል ወይ? አይመስለኝም። ሆኖም የባንክ ደረሰኙ ላይ «የዕዳ ክፍያ» ተብሎ ተጽፎ ሲመጣ የሚዋዥቅ ዳኛ የለም ብዬ አልምልላችሁም።

ሦስተኛው በሬው ነው። ሟቹ የተወውን በሬ ወይም የቤት ቆርቆሮ ዝርዝር ሳይያዝ ሸጦ ለቅሶ ማስተናገድ። የሟቹን ንብረት እንደ ራሱ ያደረገ ወራሽ «ውርሱን አልፈልግም» ብሎ መተው ሊከለከል ይችላል። ዕዳ ከንብረት የሚበልጥ ከመሰላችሁ ምንም ሳትነኩ ውርስ አጣሪ ጠይቁና መተዋችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። ለመተው የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ሰልስት ሳይወጣ አስቡበት።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው (ቁጥር 2472)። ለዶካው ነጋዴ ይህ ትልቅ ግድግዳ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። «ብድር» ሳይሆን «ከሱቄ በዱቤ የወሰደው ዘይትና ስኳር ነው»፣ ወይም ሱዳኖች ሸይል የሚሉት በሰብል ላይ የተሰጠ ቅድሚያ ነው ካለ፣ ነገሩ ወደ ሽያጭ ይሄድና ምስክር ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ደዋዩ በመጀመሪያው ስልክ ምን እንዳለ መዝግቡ፤ በሦስተኛው ስልክ ታሪኩ ይቀየራል። ያው ሕግ በእናንተም ላይ ይሠራል፤ የከፈላችሁትንም በጽሑፍ ማስረዳት አለባችሁ። ገንዘቡን በሐዋላ በሰው እጅ ልካችሁ ከሆነ ግን በሕግ ዓይን አልላካችሁም።

የጣት አሻራም አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ያሳረፈው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። ስንት የሰሊጥ ሠራተኛ ካምፕ ውስጥ በቀለም ጣቱን ነክሮ እንደሄደ የሚያውቅ ያውቃል። «ለወንድምህ ዋስ ሆነሃል» የሚላችሁም ካለ፣ ዋስትና በጽሑፍ ካልሆነና ከፍተኛው መጠን ካልተጠቀሰበት ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። በስልክ ዋስ አይኮንም።

ዕዳው በሱዳን ፓውንድ ከሆነ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ወደ ብር እንደተቀየረ ጠይቁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የእነሱ ገንዘብ ወድቋል፤ የእኛም ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቋል። ደላላው ሁልጊዜ ለእሱ የሚመቸውን ቀን ነው የሚመርጠው።

ብዙ ቤተሰብ ግን ዘመዱ መሞት አለመሞቱን እንኳ አያውቅም። ልጁ ጦርነቱ ሲጀመር ዶካ ወይም ገዳሪፍ ነበር፤ በገላባት በኩል ከተመለሱት ጋር አልመጣም፤ ስልኩም አይሠራም። ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው የመጥፋት ውሳኔ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል (ቁጥር 154)። ያ ውሳኔ ወይም የሞት ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ ውርስ አልተከፈተም፤ ውርስ ካልተከፈተ ደግሞ «ወራሽ ነህና ክፈል» የሚለው ስልክ መሠረት የለውም። ሞቱ የታወቀ ከሆነ ማስረጃውን በገዳሪፍ በኩልም ሆነ በቆንስላ ለማግኘት ሞክሩ። በወረቀቱ ላይ አሠራሩ አንድ ዓይነት አይደለም፦ ከሱዳን የመጣ ሰነድ በየደረጃው ካልተረጋገጠ የማይቀበል ችሎት አለ፤ ጦርነቱን ተመልክቶ አብረው የነበሩ ምስክሮችን የሚሰማም አጋጥሞኛል። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

«የዶካ ፍርድ ቤት ፈርዶብሃል» የሚል ማስፈራሪያም እሰማለሁ። የውጭ ፍርድ እዚህ የሚፈጸመው የእኛ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ለመፍቀድም ተከሳሹ ቀርቦ የመከራከር ዕድል ማግኘቱንና ያቺ አገር የእኛን ፍርድ የምትፈጽም መሆኗን ያያል። ስድብና ዛቻ በመልእክት ከመጣ አታጥፉት፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ሊሆን ይችላል።

ዘመዳችሁ በሕይወት ኖሮ እዚያው ዶካ ከተያዘ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ አይጠቅማችሁም። እኔ የሱዳን ጠበቃ አይደለሁም፤ በዚያ አገር ግን፣ በተለይ ባዶ ቼክ የፈረመ ሰው፣ እስኪከፍል ድረስ ይቆይ ተብሎ ሊታሰር እንደሚችል በድንበር የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ ቤተሰብ ቢከፍል አልፈርድም። ክፍያው በደላላ እጅ አይሁን፤ ችሎት ፊት ይሁን። ነጋዴውም ሙኻለሳ የሚሉትን፣ ዕዳው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ በአረብኛ ፈርሞ ይስጥ። ያለ ሙኻለሳ የከፈለ ሰው በዓመቱ ስለዚያው ዕዳ ሌላ ስልክ ሲቀበል አይቻለሁ።

እና መጥሪያው። በአማርኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ወረቀት በቀበሌ በኩል ሲመጣ «ዕዳው የእኔ አይደለም» ብሎ ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ዕዳው የእሱ አለመሆኑን የሚናገረው በመከላከያ መልሱ ነው፤ ካልቀረበ ዳኛው የሰማው የከሳሹን ብቻ ነው። በሌለበት ከተፈረደበት ለማስነሳት ያለው ጊዜ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 78)፤ ያልቀረበበትንም በቂ ምክንያት ማስረዳት አለበት። አንድ ደንበኛዬ ፍርዱን የሰማው በገበያ ቀን ከጎረቤቱ ነበር። እኔ ጋ የደረሰው በአርባ ሁለተኛው ቀን ነው። ሟች ወንድሙ አራት ልጆች ነበሩት፤ እሱ ወራሽም አልነበረም። ባጃጁ ግን በሐራጅ ተሸጠ።