የሰንጠረዥን ግጥም በኅብረት መዘመር

የዛሬው ትምህርታችን ለግጥም የኅብረት ዜማ እንዴት እንደሚወጣለት ነው። ምሳሌያችን በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው፣ በስፔን አገር በቱዴላ የተወለደው ረቢ አብርሃም ኢብን ዕዝራ ጻፈው የሚባለው የሰንጠረዥ ግጥም ነው። እኔም ለመዘምራን ዜማ እያወጣሁለት ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንወቅ። ሰንጠረዥ ዛሬ በዕብራይስጥ «ሻሕማት» ይባላል። በግጥሙ ውስጥ ንጉሥ «ሜሌኽ»፣ እግረኛ «ራግሊ»፣ ፈረስ «ሱስ» ነው (የአማርኛው ሱስ እንዳይመስላችሁ!)። ዛሬ «ማልካ»፣ ማለትም ንግሥት የሚሏት ደግሞ በግጥሙ «ፈርዝ» ናት። በአገራችን የድሮ ሰንጠረዥም ያው ፈርዝ ይባል ነበር፤ ስሙ ከፋርስ የመጣ ነው።

ሁለተኛ ምቱን እንያዝ። አንድ አጭር፣ ሦስት ረጅም፤ እንደገና አንድ አጭር፣ ሦስት ረጅም፤ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር፣ ሁለት ረጅም። እያጨበጨባችሁ ሞክሩት። ዜማው ይኼንን ምት ካፈረሰ ግጥሙ ይበላሻል።

ሦስተኛ ድምፁን እናከፋፍል። ጦሩ ሁለት ስለሆነ መዘምራኑን ለሁለት ከፍዬ ፊት ለፊት አቆማቸዋለሁ። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ «ወረራ» አለ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ በየተራ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። መጀመሪያ ሁለቱም ወገን ባንድነት ይዘምራል፤ ከበሮው አንዴ ሲመታ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ቄሶቻችን በጸሎት እንደሚያደርጉት አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ግጥሙ አንዱን ጦር «ኤዶሚም»፣ ሌላውን «ኩሺም» ይለዋል። ይኼ ቃል ዛሬ በመንገድ ላይ ስድብ ነው፤ ልጆቻችንም የሚያውቁት በስድብነቱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ኩሽ የሰውና የአገር ስም ነው። በግጥሙም አንዳንዴ እነዚህ፣ አንዳንዴ እነዚያ ያሸንፋሉ። ስለዚህ ቃሉን አላወጣሁትም፤ ካወጣነው ለልጆቹ ስድቡ ብቻ ይቀርላቸዋል። ግን በሁለተኛው ዙር ሁለቱ ወገኖች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ ዘማሪ ሁለቱንም ስም ባፉ ይጠራል። ልጄ ይኼን ቃል አይዝፈነው የሚል ወላጅ ካለ ቦታው በከበሮ ብቻ ይታለፋል።

በሰንጠረዥ የወደቀው ሁሉ ተነሥቶ እንደገና ይሰለፋል። መጨረሻውንም ሁለቱ ወገን ባንድ ድምፅ ይዘጋዋል።

የቤት ሥራ፦ የምታውቁትን አንድ የዕብራይስጥ ግጥም እያጨበጨባችሁ አጭሩንና ረጅሙን ለዩ። በርቱ!