ኦ.አር.ኤስ ለምን በልኩ ይበጠበጣል?

ኮሌራ የያዘው ሰው ከውሃ ጋር ሶዲየምና ፖታሲየምም ያጣል። በባዶ ውሃ ብቻ ቢተካለት የደሙ ሶዲየም ይቀንስና መደናገር፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ የሚሠራው ስኳሩ ጨውን በአንጀት ግድግዳ አሳልፎ ስለሚያስገባ፣ ውሃውም ስለሚከተል ነው። በቀድሞው ቀመር በሊትር የሚሟሟው መጠን 311 ሚሊኦስሞል ነበር፤ በተቅማጥ በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ክሊኒካዊ ጥናቶች ቀጠን ያለው ማስታወክን እንደሚቀንስ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የመስጠትን አስፈላጊነትም እንደሚቀንስ ስላሳዩ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 245 ዝቅ ተደርጓል። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን እሽግ «እንዲጠነክር» በማለት በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ይህን ሁሉ ያፈርሳል፤ የወፈረው ፈሳሽ ውሃን ከደም ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋ። መጠጣት ያቃተው ታካሚ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ማዕከል ይወሰድ።